ደሙ አልሞተም፤ ፍሬን ተይዞበት ነው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

እኔ ባደግሁበት በወገራ በኩል፣ ቆላ ወርዶ ታሞ ስለተመለሰ ጎረምሳ ሲወራ «ደሙ ሞቷል» ይባል ነበር። ሆዱ ተነፍቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ክንድና እግሩ መንምኖ ይመጣል። ጣፊያው አብጦ እስከ እምብርቱ ይወርዳል። ትኩሳቱ ለቀቀው ሲባል ይመለስበታል፤ ሳምንት ይሆናል፣ ወር ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ በኋላ የላቦራቶሪ ትምህርት ስጀምር ግን ብዙም እንዳልሳቱ ገባኝ። ካላዛር ቀዩንም የደም ሴል፣ ነጩንም፣ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶችም አንድ ላይ ያሳንሳል።

ዛሬ ግን ይህን አባባል ልሞግተው ነው። ቃል ብቻ ሆኖ ስለማይቀር። ደሙ ሞቷል የተባለ ሰው የሚቀጥረው አያገኝም፣ ልጁን የሚድርለት አያገኝም፣ ሁለተኛ ሲታመም ደግሞ «ድሮስ ምን ነበረውና» ተብሎ ይተዋል። ጎንደር ከተማ ላይ፣ በቱቦ ውስጥ፣ የእነዚህ ልጆች ደም ሲመረመር የታየው ግን ሞት አይደለም።

በሽታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ካላዛርን የሚያመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባል ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተውሳክ ነው። የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። በእኛ በኩል መተማ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ ቤቷ ነው፤ ዋልካው ደርቆ በተሰነጠቀበትና ግራር ባለበት ትኖራለች። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራ የሚወርደው ጎረምሳ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ነው የሚሄደው። ቀን ጎንበስ ብሎ ይውላል፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ይተኛል። አጎበር ቢሰጠውም የሚሰቅልበት ጣሪያ የለውም። የደጋ ልጅ ስለሆነ ደግሞ ሰውነቱ ይህን ተውሳክ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ተውሳኩ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ በሽታው የወጣበት ግን ካልታከመ መጨረሻው ሞት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ።

ነጭ የደም ሴል ባዳን ነገር ሲበላ መጀመሪያ አይቶ ምን ማለት እንደሆነ የተረዳው ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጣሊያን አገር መሲና ከተማ ሆኖ፣ እንደ መስታወት ወለል ብሎ በሚታይ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ኖቤል ያሸለመው የዚህ ሐሳብ ነገር ነው። እነዚያን በላተኛ ሴሎች ዛሬ በእኛ አካል ውስጥ ማክሮፌጅ እንላቸዋለን፤ ትርጉሙም ትልቅ በላተኛ ነው።

የካላዛር ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ተውሳኩ የሚኖረው በዚያው በላተኛ ሴል ሆድ ውስጥ ነው! ማክሮፌጁ ባዳ መጣ ብሎ ይውጠዋል፤ ተውሳኩ ግን አይፈጭም፤ እዚያው ይራባል። ሊሽማን የሚባለው ስኮትላንዳዊ የጦር ሐኪም ካልካታ አጠገብ ከዳምዳም መጥቶ በሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ፣ ዶኖቫን ደግሞ ማድራስ ላይ አይተው እ.ኤ.አ. በ1903 ይፋ ያደረጓቸው ጥቃቅን አካላት እነዚህ ናቸው፤ የተውሳኩ ስም ከሁለቱ ሰዎች ስም የተገጠመ ነው። ዛሬም ጎንደር ላይ ከታማሚው ጣፊያ በመርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ የሚፈለገው ያው ነው። ሌባ ለመያዝ የተቀጠረ ዘበኛ ቤት ሌባው ገብቶ ልጅ ሲያሳድግ አስቡት።

ዘበኛው ሌባውን ማስወጣት የሚችለው ከሌላ ነጭ የደም ሴል፣ ከቲ-ሴል፣ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ትእዛዙ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ነው። ቲ-ሴሉ ባዳውን ሲያውቀው ኢንተርፌሮን ጋማ ይረጫል፤ ማክሮፌጁ ያንን ሲያገኝ በሆዱ ያለውን ተውሳክ የሚገድልበት መርዝ ያመርታል። ትእዛዙ ካልመጣ ዘበኛው እያየ ዝም ይላል። ስለዚህ የካላዛር ታማሚ ደም ላይ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ቲ-ሴሉ ባዳውን ሲያይ ትእዛዝ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?

ይህን ጥያቄ ሰውየውን ሳይሆን ደሙን ለብቻው ወስዶ መጠየቅ እንደሚቻል ዓለም ካወቀ ብዙም አልሆነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ላይ ፒተር ኖዌል የሚባል ተመራማሪ ከቦሎቄ የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲጨምርባቸው፣ የተኙ የሚመስሉ ነጭ ሴሎች ነቅተው መባዛት ጀመሩ። (አዎ፣ ከምንቀቅለው ቦሎቄ። እስከ ዛሬም ላቦራቶሪዎች አንድ ሴል በሕይወት መኖሩንና መንቃት መቻሉን የሚፈትኑት በእሱ ነው።) በ1964 ደግሞ ሞንትሪያልና ኒውዮርክ ያሉ ሰዎች የሁለት ሰው ነጭ ሴሎችን አንድ ቱቦ ውስጥ ቀላቀሉ። ምንም መድኃኒት ሳይጨመር፣ የአንዱ ሴል ሌላውን ባዳ ነህ ብሎ ተነሳበት፤ አበጡ፣ ተባዙ። የተመሳሳይ መንታዎች ደም ሲቀላቀል ግን ዝም። ኩላሊት ከመዛወሩ በፊት የሰጪና የተቀባይ ደም ይፈተሽበት የነበረው አንዱ መንገድ ከዚህ ነው የመጣው። ነጭ የደም ሴል ከአካሉ ተለይቶ፣ በፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጦም ዘመድና ባዳ ይለያል ማለት ነው። እኔን እስከ ዛሬ ከሚገርሙኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

የእኛ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ባዳ ደግሞ ሊሽማኒያ ነው። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ተውሳኩ በላቦራቶሪ ይራባል፣ ከዚያ ተሰባብሮ ጭማቂው ይወጣል፤ ይህ አንቲጅን ይባላል። ከታማሚው የተቀዳ ደም በሦስት ይከፈላል፦ በአንዱ ላይ ምንም አይጨመርም፣ በአንዱ ላይ የተውሳኩ ጭማቂ ይጨመራል፣ በሦስተኛው ላይ ማንኛውንም ቲ-ሴል የሚቀሰቅስ ነገር ይጨመራል። በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል። በማግስቱ ከላይ የቀረረው ፈሳሽ ተቀድቶ ኢንተርፌሮን ጋማ ስንት እንደሆነ ይለካል። በሽታውን አሸንፎ የዳነ ሰው ደም የተውሳኩን ጭማቂ ሲያገኝ ትእዛዙን ያፈሰዋል።

ቀላል ነው ያልኩት ለወሬ ነው እንጂ፣ መብራት በሚሄድበት አገር ኢንኩቤተርን ሌሊቱን በ37 ዲግሪ ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ ሙያው ያላችሁ ታውቃላችሁ። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ጊዜ ራሷ ዕድሜ ትቀንሳለች።

አንድ ጊዜ ደም ስቀዳ ከደባርቅ በላይ የመጣ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ደም ምን ታደርጉታላችሁ?» አለኝ። ሁለት ቱቦ ነው፤ ግን እሱ በነበረበት ሁኔታ ሁለት ቱቦም ብዙ ነው። «ከሚያምህ ተውሳክ ጋር እናፋጥጠዋለን፤ ምን እንደሚያደርገው እናያለን» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እና ማን ያሸንፋል?» አለ። አልጋው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን ሳይንቲስቶቹ የጻፉት ጥያቄ ራሱ ነበር።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ወጥቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር የሠሩት ነው፤ እኔ እጄ የለበትም፣ እንደ ማንኛችሁም አንብቤ ነው። በሽታው በጸናበት ጊዜ የታማሚው ደም ከተውሳኩ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ኢንተርፌሮን ጋማ በጣም ጥቂት፣ አንዳንዴም መለኪያው የማይደርስበት ሆነ። ማንኛውንም ሴል የሚቀሰቅሰው ነገር ሲጨመርም ያው ነው፤ ዝም። እስከዚህ ድረስ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው፣ ደሙ የሞተ ይመስላል። ታማሚዎቹ ከታከሙ በኋላ ግን እንደገና ደማቸው ተቀዳ። ቀስ በቀስ ኢንተርፌሮን ጋማው ተመለሰ። የሞተ ነገር አይመለስም! ስለዚህ ደሙ ሞቶ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን ከሁሉ ያነቃኝ ሌላ ነገር ነው። ካላዛር በብዛት ይታይባቸው ከነበሩ የዓለም ቦታዎች አንዱ የሕንዱ ቢሃር ነው። እዚያ በተመሳሳይ መንገድ፣ ሙሉ ደም ተወስዶ ሲፈተሽ፣ የታማሚዎቹ ሴሎች በበሽታው መሃል ሆነውም ኢንተርፌሮን ጋማ ማምረት ይችሉ ነበር። ያው ተውሳክ፣ ያው በሽታ፣ ያው አሠራር፤ ቢሃር ላይ ደሙ ይናገራል፣ ጎንደር ላይ ዝም ይላል። ለምን? ብዙ ሊባል ይችላል፤ የምግብ እጥረቱ፣ ከሌሎች በሽታዎች ጋር መደራረቡ፣ ታማሚው ሐኪም ቤት የሚደርስበት ጊዜ መዘግየቱ፣ የተውሳኩ ዝርያ መለያየት። እኔ ከሁሉ በላይ መዘግየቱን እጠረጥራለሁ፤ ከአብደራፊ ጎንደር ለመድረስ ስንት ኬላ፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለማውቅ። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የጥናቱ ቃል አይደለም።

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ «ሕንድ ላይ ተጠንቷል፣ ለእኛም ይበቃናል» ለሚሉ ሰዎች ይህ መልስ ነው። ቢበቃን ኖሮ የወገራው ልጅ ደም ይናገራል ብለን፣ በተሳሳተ መሠረት ላይ መድኃኒት እንገነባ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሰው ሁሉ እኩል አልበላም፣ እኩል አልተኛም፣ እኩል ቀን ታሞ ሐኪም ቤት አልደረሰም፤ ነጭ የደም ሴሉ ይህን ሁሉ ይዞ ነው ቱቦው ውስጥ የሚገባው።

ቱቦውም ራሱ ይዋሻል፤ ይህን የሙያ ጓደኞቼ ይወዱታል። በዚያው ጥናት፣ ለቲ-ሴሉ ዝም ማለት ተጠያቂ ናቸው ተብለው ተጠርጥረው የነበሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሴሎች ነበሩ። ከወትሮው የቀለሉ ግራኑሎሳይቶች ናቸው፤ ሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ወደ ታች መውረድ ሲገባቸው ከሊምፎሳይቶቹ ጋር ከላይ ይንሳፈፋሉ፤ አርጂኔዝ የሚባል ነገር ይለቃሉ፤ እሱ ደግሞ ቲ-ሴል የሚፈልገውን አርጂኒን ያጠፋበታል። እና ብዛታቸው እንደ ደም መያዣው ይለያይ ነበር! በኢዲቲኤ ቱቦ (ወይን ጠጅ ክዳን ያለው) ሲቀዳ ብዙ፣ በሄፓሪን ቱቦ (አረንጓዴው) ሲቀዳ ጥቂት። አንድ ቀን እስቶር ውስጥ አረንጓዴው አልቆ በወይን ጠጁ ቢቀዳ፣ ሌላ ድምዳሜ ልትጽፍ ትችላለህ። «ቱቦ ቱቦ ነው፣ ያገኘኸውን ተጠቀም» የሚል አለቃ ላጋጠማችሁ ሁሉ ይህችን አንቀጽ አሳዩልኝ።

እሺ፣ ደሙ ካልሞተ ለምን ዝም አለ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚሁ ከጎንደር ታማሚዎች ደም የወጣ ሌላ ጥናት መልሱን ይዞ መጣ። በቲ-ሴል ገጽ ላይ ፒዲ-1 የሚባል ነገር አለ። ፍሬን በሉት። ቲ-ሴል ያለ ፍሬን ቢለቀቅ የራሱን ዘመድ፣ የራሳችንን አካል ማጥቃት ይጀምራል፤ ስለዚህ ተፈጥሮ ፍሬን ሠርታለታለች። ሌላ ሴል ይህን ፍሬን በእግሩ ሲረግጠው ቲ-ሴሉ ይቆማል፤ የሚረግጠው እግር ፒዲኤል-1 ይባላል። የካላዛር ታማሚዎች ቲ-ሴሎች ላይ ፒዲ-1 በጣም በዝቶ ተገኘ፤ ሞኖሳይቶቻቸውና ኒውትሮፊሎቻቸው ላይ ደግሞ ረጋጩ ፒዲኤል-1 በዝቶ ተገኘ። ፍሬኑም በዛ፣ ረጋጩም በዛ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ በቱቦው ውስጥ እግሩን ከፍሬኑ ላይ የሚያነሳ ነገር ጨመሩ። ኢንተርፌሮን ጋማው ከፍ አለ። መድኃኒት ያልጀመረ፣ ሆዱ እንደተነፋ ያለ፣ ዝም ያለ ያ ደም ተናገረ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጡብኝ የወገራ ሽማግሌዎች ናቸው። በሕይወት ያሉትን አግኝቼ «ፍሬን ተይዞበት ነው እንጂ አልሞተም» ልላቸው ፈልጌ ነበር። የአውቶቡስ ፍሬን በሊማሊሞ ቁልቁለት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም።

የዚህ ፍሬን ታሪክ ከእኛ ሩቅ ነው የተጀመረው። ታሱኩ ሆንጆ የሚባሉ የኪዮቶ ሳይንቲስት ላቦራቶሪ ፒዲ-1ን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ካንሰር ይህን ፍሬን እየረገጠ እንደሚያመልጥ ታወቀ፤ ፍሬኑን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች ተሠሩ፤ ሆንጆና አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ በሀብታም አገር የሳንባና የቆዳ ካንሰር ያለበት ሰው በእነዚህ መድኃኒቶች ዓመታት ይጨመሩለታል። ዋጋቸው እዚህ አገር ለሚሊየነርም የሚከብድ ነው። እና የሰሊጥ አጫጁ ደም ስለዚያው ፍሬን ለዓለም አንድ ነገር ነግሯል፤ መድኃኒቱ ግን ለእሱ ተብሎ አልተሠራም።

ነገሩን አጋንኜ እንዳላሳስታችሁ ልጠንቀቅ። ቱቦ ሰው አይደለም። ፍሬኑን በቱቦ ውስጥ ማንሳትና በተጎዳ ሰው አካል ውስጥ ማንሳት የተለያየ ነገር ነው፤ የካንሰር ታማሚዎች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች አንጀትን፣ ሳንባን፣ ታይሮይድን ሲያስቆጡ ታይተዋል። ነገ ጠዋት የካላዛር ሕክምና ይቀየራል እያልኩ አይደለም። ዛሬ ያለው ሕክምና፣ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን የ17 ቀን መርፌ፣ ቢያምም ብዙውን ሰው ያድናል። መርፌው ያዳነው ሰው ደም ተውሳኩን ከዚያ በኋላ ያውቀዋል፤ አብዛኛው ሰው ሁለተኛ አይታመምም።

ችግሩ ኤችአይቪም ያለበት ሰው ጋ ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛር ከኤችአይቪ ጋር ተደርቦ በመገኘት በዓለም ከታወቁት ቦታዎች ቀዳሚው ተርታ ውስጥ ነው። ቆላው፣ ከቤት ርቆ መክረሙ፣ ገንዘቡ፣ የመተማ መንገድ… ለምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። እነዚህ ሰዎች ይታከማሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ይሸኛሉ፤ ከወራት በኋላ ጣፊያቸው አብጦ ይመለሳሉ። ሦስቴ፣ አራቴ የሚመለስ አለ።

የማውቀው አንድ ሰው አለ፤ ስሙን፣ ያለበትንም አልጽፍም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መድኃኒትህን ብትውጥ እኮ አትመለስም ነበር» ተባለ። ሰውየው የኤችአይቪ መድኃኒቱን በሰዓቱ ነበር የሚወስደው፤ ሚስቱ በሞባይል ደወል ሞልታለት። መልስ አልሰጠም። መሬት አየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይመጣ ቀረ፤ ሲመጣ በቃሬዛ ነው የመጣው።

ያው በ2022 የወጣ ሌላ የጎንደር ጥናት ስለዚህ ነው የሚናገረው። ካላዛር ብቻ ያለባቸውንና ኤችአይቪም ያለባቸውን ጎን ለጎን ተከታተሏቸው። ካላዛር ብቻ ያለባቸው ሲታከሙ ደማቸው ተውሳኩን ሲያይ ኢንተርፌሮን ጋማ ማፍሰሱ ተመለሰ። ኤችአይቪም ያለባቸው ጋ አልተመለሰም፤ ፒዲ-1 ከፍ እንዳለ ቀረ፤ ሲዲ4 ቁጥራቸው እንደወረደ ቀረ። አብዛኞቹም በሽታው አገረሸባቸው። ያገረሸበትን ካላገረሸበት አስቀድሞ የሚለየው ምን እንደሆነ ሲፈለግ፣ ሐኪም በዓይኑ የሚያየውና በእጁ የሚዳስሰው ምልክት አልነበረም። ሦስት የደም ነገሮች ነበሩ፦ ዝቅተኛ ሲዲ4፣ ከፍተኛ ፒዲ-1፣ ዝቅተኛ ኢንተርፌሮን ጋማ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰውየው ሲሸኝ ፊቱ ቀልቶ፣ ሆዱ ሟሽሾ፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ነው፤ እኛም «ዳነ» እንላለን። ደሙን ብንጠይቀው ግን «ኧረ ገና ነኝ፣ ፍሬኑ አልተለቀቀም» ይለን ነበር። ሲመለስ ግን የምንጠይቀው ደሙን ሳይሆን ጠባዩን ነው። መድኃኒት አልዋጥክም፣ ጠጥተህ ነው፣ እንደገና ቆላ ወርደህ ነው። እርግጥ መድኃኒት የማይውጥ አለ፣ የሚጠጣም አለ። ግን ሴሉ ትእዛዝ መስጠት ያልቻለን ሰው በወረፋ ፊት መገሰጽ ምን ይባላል? እኔ ስም የለኝም።

በግምት መፍረድ ምን እንደሚያስከፍል ይህ አገር ከዚህ በፊትም አይቷል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ በምታልፉት በሊቦ ከምከም፣ ከቆላው ርቆ፣ ሰዎች በትኩሳት ይሞቱ ነበር። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው፤ አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ሲጀመር ሰው ጎረፈ። በበሽታው የተያዘው አብዛኛው ወጣት ነበር። በሽታውን ምናልባት ከቆላ ሥራ የተመለሱ ልጆች በደማቸው ይዘውት መጥተው ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ደሙ እስኪጠየቅ ድረስ ስንቱ በወባ ስም እንደተቀበረ የቆጠረው የለም።

ወደ ሦስቱ ምልክቶች ልመለስ። እኔን የሚያናድደኝ ነገር ከባድ አለመሆናቸው ነው። ሲዲ4 መቁጠር በዚህ አገር ለዓመታት ስንሠራው የኖርነው ሥራ ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ከሙሉ ደም መለካት ኢንኩቤተርና የኤላይዛ ማንበቢያ ይፈልጋል፤ ትልልቅ ሆስፒታሎቻችን ይህ አላቸው። ፒዲ-1 ብቻ ነው ፍሎው ሳይቶሜትር የሚጠይቀው፤ እሱም ጎንደር ላይ ስለተሠራበት ነው ይህ ሁሉ የታወቀው። የሚያስፈልገው፣ ኤችአይቪም ካላዛርም ያለበት ሰው ከመሸኘቱ በፊት ይህ ይለካ የሚል አንድ መመሪያና ሪኤጀንት የሚገዛ በጀት ነው። ደሙ «ገና ነኝ» ካለ፣ ቀጠሮው ይቅረብ፣ ሕክምናው ይራዘም። ለዚያም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተሞከረው የአምቢዞምና የሚልቴፎሲን ጥምር ሕክምና በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ታማሚዎች የሚመክረው ሆኗል፤ እንዳያገረሽ በየወሩ ፔንታሚዲን መስጠትም እዚሁ ተሞክሯል።

ተመልከቱ እንግዲህ፤ ጥያቄው ከዚህ የተነሳ፣ ደሙ ከዚህ የተቀዳ፣ ሕክምናው እዚህ የተፈተነ። ከደባርቅ በላይ የመጣው ያ ልጅ ሁለት ቱቦ ሰጥቷል። ድርሻው በሳይንስ መጽሔት ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት፤ ግራፉ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፋለች። ነጥቧ ወደ መመሪያ ካልተቀየረች፣ «ደማችንን ወስደው ምን አደረጉት?» ለሚሉን ዘመዶቹ የምንሰጠው መልስ የለንም። ወሬው በገጠሩ እንዳለ እናውቃለን፤ ደሙን ይሸጡታል ይባላል። በወሬው ከመናደድ ይልቅ መልስ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ባለሀብቶችም እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መተማ ላይ ሰሊጥ የምታሳርሱ። ሠራተኛው የሚተኛበት ዳስ ከግራሩና ከኩይሳው ቢርቅ፣ አጎበር የሚሰቀልበት ማገር ቢኖረው፣ ስለ ፒዲ-1 ሳታነቡ ብዙ ሥራ ትሠሩ ነበር።

ሰሞኑን የሚወርድ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ያላችሁ፣ ይህችን ንገሩልኝ፦ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የወባ ምርመራው የለም ካለ፣ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚዳሰስ ነገር ካለ፣ «ካላዛር መርምሩኝ» ብሎ ይጠይቅ። ከጣቱ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ኤችአይቪም አብሮ ይመርመር። ታክሞ ከዳነ በኋላ ከተመለሰበትም ሳያፍር ቶሎ ይምጣ። የሚቆጣው ካጋጠመው ይህን ጽሑፍ በስልኩ ያሳየው።